ሙያን ማስመስከር፦ የኮምፒውተር ኔትወርክ የብቃት ማረጋገጫ ለወጣቶቻችን ያለው ጥቅምና ወሰን



በዚህ የጥናት ክፍል የምንመለከተው ርእስ ከየሰበካው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች የወጣ ነው። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፤ በኮምፒውተር ኔትወርክ ሙያ የሠለጠነ ወይም ለመሠልጠን የሚሻ ወጣት «ዓለም አቀፉን የብቃት ማረጋገጫ ፈተና እንድፈተን ክፍያውን አግዙኝ» ብሎ ወደ ሰበካ ጉባኤው ሲመጣ ምን እንመልስለት? የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ ነው፤ የሰበካው የልማት ሣጥን ግን ትንሽ ነው። ከዚህም በላይ በብዙ ቤት ይህ ገንዘብ የእናት ወርቅ ወይም የቤተሰቡ ፍየሎች ዋጋ ነው። ስለዚህ መልሳችን በስሜት ወይም በወሬ ላይ የተመሠረተ ሊሆን አይገባም።

የምንሰጠው ምክር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። የብቃት ማረጋገጫ ለኔትወርክ ሙያተኛ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ግን በቅደም ተከተል ሲያዝ ብቻ ነው። በመጀመሪያ የእጅ ሙያ፣ ቀጥሎ የአገር ውስጡ የሙያ ብቃት ምዘና፣ በመጨረሻም ዓለም አቀፉ ፈተና ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠበት ወጣት ወረቀት ይዞ ሥራ ሳይዝ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱን ከዚህ በታች እናብራራለን።

፩. ጉዳዩ አዲጋላንና የባቡር መስመሩን ከተሞች ስለ ምን ይመለከታል?

አዲጋላ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ቀድሞ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ በዚህ በረሃ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ አዲስ ሙያ ይዞ መጣ። መካኒኩ፣ የጣቢያው ሠራተኛና የመልእክት መስመር ተቆጣጣሪው እንጀራቸውን ከሐዲዱ አገኙ። የድርጅቱ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር ሙያውንና ቋንቋውን አጣምሮ የያዘ ሰው ከሌላው ይልቅ ይፈለግ ነበር።

ዛሬም ተመሳሳይ ነገር በፊታችን አለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ቀድሞው በአዲጋላ ያልፋል። የዚህ ዓይነት ባቡር ምልክቱም መገናኛውም በኔትወርክ የሚሠራ ነው። አገራችን ከውጭው ዓለም ጋር በኢንተርኔት ከምትገናኝባቸው ዋና ዋና መስመሮች አንዱም በጅቡቲ በኩል ከባሕር ሥር ከተዘረጉት ኬብሎች የሚነሣ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በሙከራ ደረጃ ሲጀምር መጀመሪያ የመረጠው ድሬዳዋን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍን ወደ ትንንሽ ከተሞች አድርሶታል። ባንኩ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱም ቀስ በቀስ ሥራቸውን በኔትወርክ ላይ እያደረጉ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው መስመሩ ያልፋል ወይ የሚል አይደለም፤ መስመሩ አልፏል። ጥያቄው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ከከተማችን ልጆች መካከል ይገኛል ወይስ ሁልጊዜ ከሩቅ ይጠራል የሚል ነው። ይህንንም ስንጠይቅ የምናስበው የሥራ ዕድል ብቻ አይደለም። በዚሁ አቅጣጫ ወደ ጅቡቲ ከዚያም ወደ የመን የሚጓዙትን ወጣቶች ሁላችን እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ወር በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ በደረሱ ሁለት የጀልባ አደጋዎች የብዙ ኢትዮጵያውያን ሕይወት አልፏል። ወጣቱ በከተማው የሚያኖረውን ሙያ ካላገኘ የቤተሰቡ ጥሪት ለደላላ የሚከፈል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ያው ጥሪት በማይጠቅም ወረቀት ላይ ቢፈስም ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

፪. የኔትወርክ ባለሙያ ሥራ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሙያ ያለው ይመስለናል። ነገር ግን ጽሑፍ የሚተይበው፣ ፕሮግራም የሚጽፈውና ኔትወርክ የሚዘረጋው የተለያዩ ሙያተኞች ናቸው። የኔትወርክ ባለሙያ ኮምፒውተሮች፣ ስልኮች፣ ማተሚያዎችና ሌሎች መሣሪያዎች እርስ በርሳቸውና ከኢንተርኔት ጋር እንዲነጋገሩ መንገዱን የሚያበጅ ሰው ነው። ኬብል ይዘረጋል፤ ስዊችና ራውተር የተባሉትን መሣሪያዎች ያስተካክላል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ ይሰጣል፤ የዋይፋይ አገልግሎት ያዘጋጃል፤ መስመሩ ሲቋረጥ የተቋረጠበትን ቦታ ፈልጎ ያገኛል፤ ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባም ይጠብቃል።

ሥራው ከመጽሐፍ ዕውቀት ጋር የእጅ ብልሃትን ይፈልጋል። ለምሳሌ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚዘረጋ የተለመደው የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ርዝመቱ ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ይደረጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ሩቁ አዳራሽ 150 ሜትር ኬብል ቢዘረጋ ገንዘቡን አውጥቶ የማይታመን መስመር ይዞ ይቀራል። የሚያውቀው ግን በመካከል ስዊች ያስገባል፣ ወይም የፋይበር ኬብል ወይም የሽቦ አልባ መገናኛ ይመርጣል። እንደ አዲጋላ ባለ ሙቀትና አቧራ በበዛበት ቦታ ደግሞ መሣሪያው የሚቀመጥበትን ስፍራ መምረጥ፣ ከአቧራ መጠበቅና የመብራት መቆራረጥን የሚቋቋም መጠባበቂያ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው።

፫. አራቱን ዓይነት ወረቀቶች ለይቶ ማወቅ

ወጣቶቻችን ይዘውልን የሚመጡት ወረቀት ሁሉ «ሰርተፊኬት» ይባላል። ስማቸው አንድ ቢሆንም የሚመሰክሩት ነገር ይለያያል።

የመጀመሪያው የትምህርት ማስረጃ ነው። ይኸውም ከዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ዲግሪ ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚሰጥ ማስረጃ ሲሆን፣ ባለቤቱ የተወሰነውን የትምህርት ዘመን ተምሮ ማጠናቀቁን ይመሰክራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር በቅድሚያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ሁለተኛው የአገር ውስጥ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሥርዓታችን ሙያዎች ከደረጃ 1 ጀምሮ ወደ ላይ በደረጃ ተከፍለዋል፤ የሃርድዌርና ኔትወርክ አገልግሎት ሙያም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ተመዛኙ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተግባርም ይፈተናል፤ የሚመዝነውም ያስተማረው መምህር ሳይሆን ሌላ መዛኝ ነው። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። «ገና» የሚለው ቃል መልካም ቃል ነው፤ ያልበቃው ተዘጋጅቶ ሊመለስ እንደሚችል ያመለክታልና።

ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ ነው። ይህን የሚሰጡት መሣሪያ አምራች ኩባንያዎች ወይም የሙያ ማኅበራት ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የሲስኮ ኩባንያ «ሲሲኤንኤ» የተባለው ሲሆን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከእርሱ በላይ «ሲሲኤንፒ»፣ ከዚያም በላይ ለ8 ሰዓት የሚቆይ የተግባር ፈተና ያለው «ሲሲአይኢ» አለ። ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው «ኔትወርክ ፕላስ» ደግሞ በአንድ አምራች መሣሪያ ላይ የተመሠረተ አይደለም። የሁዋዌ ኩባንያም «ኤችሲአይኤ» ብሎ የሚጀምር የራሱ የማረጋገጫ ደረጃዎች አሉት፤ በአገራችን የቴሌኮም መሠረተ ልማት የሁዋዌ መሣሪያዎች በብዛት ስለሚገኙ ይህም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አራተኛው የኮርስ ማጠናቀቂያ ወረቀት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ መርሐ ግብርም ሆነ በሌሎች የኢንተርኔት ትምህርቶች የሚሰጠው በአመዛኙ ከዚህ ወገን ነው። ለመማር መነሣሣትንና መጠናቀቅን ይመሰክራል፤ በራሱ መብት የሚመሰገን ነው። ሆኖም በጥብቅ ቁጥጥር የተሰጠ የብቃት ፈተና ማረጋገጫ አይደለም፤ የኔትወርክ ሙያ ማስረጃ ተደርጎም ሊወሰድ አይገባም።

፬. «ማስመስከር» የሚለውን ከራሳችን ትምህርት ቤት መረዳት

ለአባቶች ካህናት ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ድጓን በየትኛውም ጉባኤ ቤት የተማረ ደቀ መዝሙር፣ መምህር ሆኖ ወንበር ለመዘርጋት ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ስለ ምን? ያስተማረው መምህር ስላልታመነ አይደለም። ከሩቅ አገር ያለ ደብር መምህሩን ባያውቀውም ቤተልሔምን ያውቃልና ነው። ሁሉም የሚያውቀው አንድ የምስክር ቦታ በመኖሩ ዘመድ የሌለው የገጠር ተማሪ በየትኛውም ደብር «አስመስክሬአለሁ» ብሎ ሊቆም ይችላል።

የኔትወርክ ማረጋገጫም ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ከዚህ ምሳሌ ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ወደ ቤተልሔም የሚሄደው ዓመታት ቀጽሎና ዘልቆ የተዘጋጀ ነው እንጂ እዚያ ደርሶ ዜማ ሊጀምር አይደለም፤ ምስክርነት ዕውቀትን ይገልጣል እንጂ አይተካም። ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ጊዜ የተመሰከረለት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መምህር ነው፤ የኮምፒውተር ማረጋገጫ ግን ቀነ ገደብ አለው። ሲሲኤንኤም ሆነ ኔትወርክ ፕላስ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ገና በመፈተን ወይም የተወሰነ ተጨማሪ ትምህርት በመውሰድ መታደስ አለበት።

፭. ማረጋገጫው የሚሰጣቸው ጥቅሞች

የመጀመሪያው ጥቅም የትምህርት ሥርዓት ነው። ብቻውን የሚማር ወጣት ከየት ጀምሮ የት እንደሚደርስ አያውቅም። የሲሲኤንኤ ፈተና ይዘት ግን በግልጽ የታተመ ነው፤ ከይዘቱ 20 በመቶ የኔትወርክ መሠረታውያን፣ 20 በመቶ መሣሪያዎችን ከኔትወርኩ ጋር ማገናኘት፣ 25 በመቶ መረጃ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ፣ 10 በመቶ በኔትወርኩ ላይ የሚሰጡ አገልግሎቶች፣ 15 በመቶ የደኅንነት ጥበቃ፣ 10 በመቶ ደግሞ ሥራን በፕሮግራም ማቀላጠፍ ነው። ይህ ዝርዝር ፈተናውን ለማይፈተን ወጣት እንኳ የጥናት ካርታ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥቅም ወገን ለሌለው ወገን መሆኑ ነው። በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ ወይም በአዲስ አበባ ያለ ቀጣሪ ከሲቲ ዞን የመጣውን ወጣት አያውቀውም፤ የተማረበትንም ኮሌጅ ላያውቅ ይችላል። ማረጋገጫውን ግን ያውቀዋል። ትክክለኛነቱንም በኢንተርኔት በማረጋገጫ ቁጥሩ ወዲያው ሊያጣራ ይችላል። የሐሰት ማስረጃ በበዛበት ዘመን እውነተኛውን ከሐሰተኛው በቀላሉ የሚለይ ወረቀት እውነተኛውን ሠራተኛ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ጥቅም የጋራ ቋንቋ ነው። አምራቹ፣ ጠጋኙና ቀጣሪው አንዱን ነገር በአንድ ስም ሲጠሩት ሥራ ይቀላል። አዲስ የተቀጠረው ወጣት የቀድሞውን ባለሙያ ሥዕል አንብቦ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

፮. ማረጋገጫው የማይሰጣቸው ነገሮች

ማረጋገጫ በራሱ ሥራ አይቀጥርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በአውሮፓ የኮምፒውተር ማረጋገጫ ያላቸው ሰዎች በፍጥነት በበዙ ጊዜ፣ ጥያቄና መልስ ሸምድደው ያለፉ፣ መሣሪያው ፊት ሲቆሙ ግን የሚያደርጉት የሚጠፋባቸው ሰዎች ተበራከቱ። ቀጣሪዎችም እነዚህን የወረቀት ባለሙያዎች እያሉ ይጠሯቸው ጀመር፤ ጉዳቱም በትጋት ተምረው ላለፉት ጭምር ተረፈ።

ማረጋገጫ ከሰጪው ኩባንያ ዕድል ጋርም የተያያዘ ነው። ኖቬል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሰጠው የነበረው የኔትወርክ ማረጋገጫ በዘመኑ እጅግ የተከበረ ነበር፤ የኩባንያው ምርት ከገበያ ሲሸሽ ግን ወረቀቱም ክብሩን አጣ። ማይክሮሶፍትም ለብዙ ዓመታት ሲፈለግ የኖረውን «ኤምሲኤስኢ» የተባለ ማረጋገጫውን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ አቁሞታል። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ኩባንያ መሣሪያ አዝራሮችን ብቻ የተማረ ከኩባንያው ጋር ይወድቃል፤ የኔትወርክን መሠረተ ሐሳብ የተማረ ግን በሌላ መሣሪያ ላይ ይቆማል።

እንዲሁም ዓለም አቀፉ ማረጋገጫ የትምህርት ማስረጃን አይተካም። በአገራችን የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያ በቅድሚያ የሚመለከተው የትምህርት ደረጃን፣ የሥራ ልምድንና ለቴክኒክና ሙያ ምሩቃን ደግሞ የብቃት ምዘና ውጤትን ነው። ስለዚህ የደረጃ ምዘናውን ያልወሰደ ወጣት መጀመሪያ ወደዚያው ሊመራ ይገባዋል፤ ወጪውም ከዓለም አቀፉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።

በመጨረሻም አቋራጭ የለም። የፈተናውን ጥያቄ ሰርቀው የሚሸጡ፣ በሌላ ሰው ስም የሚፈተኑ፣ «ሳትፈተን እናወጣልሃለን» የሚሉ ሰዎች በማኅበራዊ መገናኛዎች ሞልተዋል። በዚህ መንገድ የተገኘ ማረጋገጫ በተደረሰበት ጊዜ ይሰረዛል፤ ባለቤቱም ዳግመኛ እንዳይፈተን ሊታገድ ይችላል። ይህን ለወጣቱ አስቀድሞ መንገር የአባቶች ሥራ ነው።

፯. ወጪውን አስቀድሞ ማስላት

ለሲሲኤንኤ የሚጠየቀው የፈተና ክፍያ ግብርን ሳይጨምር 300 የአሜሪካ ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ ክፍያ 17,100 ብር ይሆን ነበር። አንዱ ዶላር 125 ብር በሆነ ጊዜ ግን 37,500 ብር ሆነ። የዶላሩ ዋጋ ሳይጨምር የወጣቱ ሸክም ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ክፍያውም ምንዛሬውም ስለሚለዋወጥ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት የዕለቱን ዋጋ ማጣራት አለበት።

ክፍያው ብቻ ግን ወጪው አይደለም። የፈተና ማዕከል ወዳለበት ከተማ መጓዝ ስለሚያስፈልግ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ይጨመራል። ፈተናውን ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት መውሰድም ይቻላል፤ ነገር ግን የማይቋረጥ መስመርና መብራት፣ ካሜራ ያለው ኮምፒውተርና ሌላ ሰው የማይገባበት ክፍል ያስፈልጋል። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን መሞከር ክፍያውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ፈተናው 120 ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነው። ተፈታኙ ቢወድቅ ዳግመኛ ለመፈተን ሙሉውን ክፍያ እንደ ገና ይከፍላል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገርም አለች። ተፈታኙ የተመዘገበበት ስም በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል አጻጻፍ አንድ መሆን አለበት። የአማርኛና የሶማልኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ በየወረቀቱ ልዩ ልዩ መልክ ስለሚይዙ፣ ይህን ሳያጣራ የሄደ ሰው ከፈተና በር ሊመለስ ይችላል።

፰. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን ተግባራት እንመክራለን።

1. ከገንዘብ በፊት ቦታ መስጠት። በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ክፍት የሚሆን አንድ ክፍል፣ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች፣ አንድ አሮጌ ስዊችና ራውተር፣ ጥቂት ሜትር ኬብልና የኬብል ጫፍ ማሠሪያ መሣሪያ ለመጀመር ይበቃሉ። ባንኮችና ድርጅቶች የሚያስወግዱትን ዕቃ በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል።

2. በነጻ የሚገኘውን አስቀድሞ መጠቀም። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን መሠረታዊ ኮርሶችን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይሰጣል። «ፓኬት ትሬሰር» የተባለው የልምምድ ፕሮግራሙ እውነተኛ ራውተር ሳይኖር በኮምፒውተር ላይ ኔትወርክ ለመገንባት ያስችላል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላም ልምምዱ ብዙ ኢንተርኔት አይፈጅም። በአስተማሪ የሚመራውን የአካዳሚውን ተከታታይ ኮርስ በመልካም ውጤት ለሚጨርሱም የፈተና ዋጋ ቅናሽ የሚገኝበት ዕድል አለ።

3. እውነተኛ ሥራ ማሠራት። የደብሩን ጽሕፈት ቤት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወይም በአካባቢው ያለውን ትምህርት ቤት ኔትወርክ በባለሙያ ተቆጣጣሪነት ወጣቶቹ ይዘርጉ። የዘረጉትን በሥዕል ይመዝግቡ፤ የተበላሸውንና የጠገኑበትን መንገድ በቀን ይጻፉ። ይህ መዝገብ ለቀጣሪ ሲቀርብ ከማረጋገጫው ያልተናነሰ ምስክር ነው።

4. የእንግሊዝኛ ንባብ ማጠናከር። በሶማልኛ የተማረው ልጅም ሆነ በአማርኛ የተማረው ልጅ በፈተናው ፊት የሚቸገረው ብዙ ጊዜ በሙያው ሳይሆን በጥያቄው ቋንቋ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሙያውን ጽሑፍ በጋራ አንብቦ በራስ ቋንቋ ማስረዳት ትልቅ እገዛ ነው።

5. ድጋፉን በደረጃ መስጠት። የአገር ውስጡን ምዘና «ብቁ» ሆኖ ያለፈ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር በተግባር የሠራና በልምምድ ፈተና ደጋግሞ መልካም ውጤት ያመጣ ወጣት ለዓለም አቀፉ ክፍያ ይታሰብ። ያልደረሰውን «ገና ነህ» ማለት መከልከል ሳይሆን መጠበቅ ነው።

6. ገንዘቡን ተዘዋዋሪ ማድረግ። ድጋፉ በጽሑፍ ውል፣ ወጣቱ ሥራ ሲይዝ በትንሽ በትንሹ የሚመልሰው ቢሆን የአንዱ ክፍያ ለሚቀጥለው ይደርሳል። ሥራ ሳያገኝ ቢቆይ ግን ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ዕዳ እንዳይሆን በውሉ ይገለጽ። ለአካባቢው ትምህርት ቤት በሙያው ማገልገልም እንደ ክፍያ ሊቆጠር ይችላል።

7. ሴት ልጆችንና ጎረቤቶቻችንን አለመዘንጋት። እኅቶቻችን በዚህ ሙያ ጥቂት የሆኑት ስላልተጠሩ ነው፤ የልምምዱ ሰዓት ለእነርሱ በሚመች ጊዜ ይሁን። በአዲጋላና በአካባቢዋ አብረውን የሚኖሩት ወገኖቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። የልማት ሥራ በሃይማኖት አይለይምና የክፍሉ በር ለጎረቤት ልጅም ይከፈት። በአንድ ገበታ አብረው የተማሩ ወጣቶች ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ይገናኛሉ።

8. እውነተኛ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ። የሰበካው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወጣቱ የሠራውን ብቻ ይግለጽ። ያልሠራውን የሚመሰክር ደብዳቤ የሚቀጥለውን ወጣት ያስከስሳል።

፱. አንድ ምሳሌ

ትምህርቱ ግልጽ እንዲሆን የሚከተለውን እናስብ። ሁለት ወጣቶች እያንዳንዳቸው 50,000 ብር ድጋፍ አገኙ እንበል። የመጀመሪያው ወዲያው ለዓለም አቀፉ ፈተና ተመዝግቦ፣ የተሰረቁ ጥያቄዎችን ሸምድዶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ቢወድቅ ገንዘቡ አልቋል። ቢያልፍም በቅጥር ፈተናው ላይ ራውተር ፊት ሲያቆሙት ይቸገራል፤ በ3 ዓመት ውስጥም ማረጋገጫው ጊዜው ያልፍበታል።

ሁለተኛው ከገንዘቡ ጥቂቱን ለደረጃ ምዘና ከፈለ፤ በጥቂቱ የኬብል መሣሪያ ገዛ፤ በከተማው ያሉ ሱቆችንና ትምህርት ቤቱን እያገለገለ ከሚያገኘው ላይ ቆጠበ። ከዓመት በኋላ ለፈተናው ሲቀመጥ ጥያቄዎቹ በእጁ የሠራቸውን ነገሮች የሚጠይቁ ሆኑለት። ይህኛው ፈተናውን ሳያልፍ ቢቀር እንኳ ሙያው ከእርሱ ጋር ነው። የድጋፋችን መለኪያ መሆን ያለበትም ይኸው ነው፤ ወጣቱ ፈተናውን ባያልፍ በእጁ የሚቀረው ምንድን ነው?

፲. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ወይም የልማት ኮሚቴ ስብሰባ በሚከተሉት ላይ እንድትወያዩና ውሳኔያችሁን በቃለ ጉባኤ እንድትይዙ እንጠይቃለን።

ሀ. በሰበካችን ወይም በከተማችን በኔትወርክ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች የትኞቹ ናቸው? ሲበላሽባቸው ማንን ከየት ይጠራሉ?

ለ. በሃርድዌርና ኔትወርክ ሠልጥነው ያለ ሥራ የተቀመጡ ወጣቶች ስንት ናቸው? ከእነርሱ መካከል የደረጃ ምዘና የወሰዱትና ያልወሰዱት እነማን ናቸው?

ሐ. ለልምምድ ልንሰጠው የምንችለው ክፍል አለን? የመብራቱንና የቁልፉን ኃላፊነት ማን ይይዛል?

መ. ለፈተና ክፍያ ድጋፍ ብንጀምር መስፈርታችን ምን ይሆናል? ከኮሚቴ አባላት ልጆችና ዘመዶች ጋር በተያያዘ አድልዎ እንዳይኖር ምን ሥርዓት እንሠራለን?

ሠ. ድጋፍ ያገኘው ወጣት ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ቢቀጠር እንደ ኪሳራ እንቆጥረዋለን ወይስ እንደ ፍሬ? በቀረው ጊዜ ታናናሾቹን ምን እንዲያስተምርልን እንጠይቀዋለን?

የሐዲዱ ባለሙያዎች ልጆች በነበሩባቸው በእነዚህ ከተሞች ሙያ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። የሚጎድለው መንገዱን በቅደም ተከተል የሚያሳይና ወጣቱ ሲቸኩል «ቆይ፣ መጀመሪያ እጅህ ይፍታታ» የሚል አባት፣ ሲዘጋጅ ደግሞ «አሁን ሂድ» ብሎ የሚያግዝ ጉባኤ ነው። ይህን ለማድረግ የምታዘጋጁትን ዕቅድ በየሀገረ ስብከታችሁ የልማት ክፍል በኩል ብትልኩልን በዝግጅቱ አብረናችሁ እንሠራለን።